17 ወይስ 25? ብቻቸውን እንግሊዝ የሚገቡ ልጆች ጉዳይ

አባትም እናትም ሳይኖሩት፣ አሳዳጊ ዘመድም ሳይከተለው እንግሊዝ ገብቶ ጥገኝነት የሚጠይቅ ልጅ ሁለት ሕግ ይጠብቀዋል። አንደኛው የሕፃናት ሕግ ነው። እሱ «ይህን ልጅ ማን ያሳድገው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። እሱ ደግሞ «ይህ ሰው እዚህ ይቆይ ወይስ ይውጣ?» ይላል። ሁለቱም በአንድ ልጅ ላይ ይሠራሉ። የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው ግን አንድ ቁጥር ነው፤ ዕድሜው።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በቅርብ ዓመታት ብቻቸውን ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ ከሱዳን፣ ከኤርትራ፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከኢራንና ከቬትናም ናቸው። ከኢትዮጵያ የሚመጡም አሉ። አብዛኞቹ 16 እና 17 ዓመት የሆናቸው ወንዶች ናቸው። ከእኛ አካባቢ የሚመጡት በሱዳን በረሃ፣ በሊቢያ፣ በሜዲትራኒያን፣ ከዚያም በፈረንሳይዋ ወደብ በካሌ አልፈው የእንግሊዝ ወደብ ዶቨር ይደርሳሉ። ለንደን ወይም ሊድስ ያለ ሐበሻ ደግሞ «የእህቴ ልጅ ዶቨር ገብቷል፣ ምን ላድርግ?» የሚል ስልክ ይደርሰዋል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለዚያ ሰው ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በኢትዮጵያ የሆነውን ለይቼ እናገራለሁ። ይህን ማስታወቅ ለምን እንዳስፈለገ ትንሽ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።)

ልጅ ነው ከተባለ

በእንግሊዝ ሕግ አሳዳጊ የሌለው ልጅ ኢሚግሬሽንን የሚመራው ሚኒስቴር የሆም ኦፊስ ሳይሆን የአካባቢው ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ኃላፊነት ነው። መሠረቱ የ1989ኙ የሕፃናት ሕግ ነው። አንቀጽ 20 ካውንስሉ የሚንከባከበው ሰው ለሌለው ልጅ ማደሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ልጁ የየት አገር ዜጋ ነው፣ ቪዛ አለው ወይስ የለውም የሚለው እዚህ ላይ ቦታ የለውም። ማንቸስተር ተወልዶ ወላጅ ያጣ ልጅና ትናንት በጀልባ ዶቨር የደረሰ ልጅ በሕጉ ፊት እኩል ናቸው። እንግሊዞች በሌላው ብዙ ሊታሙ ይችላሉ። ይህ አንቀጽ ግን ጥሩ ሕግ ነው።

በተግባር ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ፎስተር ቤተሰብ (ልጁን በአደራ የሚያሳድግ ቤተሰብ) ዘንድ ይገባል። 16 እና 17 ዓመት የሞላው ብዙ ጊዜ ከሌሎች ወጣቶች ጋር የጋራ ቤት ይሰጠዋል፤ ኪ ወርከር የሚባል ሠራተኛ እየመጣ ያየዋል። ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ) ይመደብለታል። ትምህርት ቤት ይገባል፣ ሐኪም ዘንድ ይመዘገባል፣ ለጥገኝነቱ ጉዳይ በሌጋል ኤይድ (በመንግሥት የሕግ ድጋፍ ገንዘብ) የሚከፈለው ሶሊሲተር (ጠበቃ) ያገኛል። ካውንስሉ ወጪውን የሚሸፍነው ከማዕከላዊው መንግሥት በሚሰጠው ድጎማ ነው። በቅርብ ዓመታት ብዙ ልጆች ለሚያሳድጉ ካውንስሎች በልጅ በአንድ ሌሊት 143 ፓውንድ፣ ለሌሎቹ 114 ፓውንድ ይከፈል ነበር። ካውንስሎች አይበቃም ይላሉ።

አንድ ክፍተት ግን አለ። ካውንስሉ ልጁን በአንቀጽ 20 ሲይዘው የወላጅነት ሥልጣን አይኖረውም። ያ ሥልጣን አስመራ ወይም ጎንደር ካሉት ወላጆች ጋር ይቀራል። ሶሻል ወርከሩ ደግሞ የካውንስሉ ተቀጣሪ ነው። ካውንስሉ ራሱ ልጁን ሲበድለው ለልጁ ማን ይቁምለት? ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ለዚህ መልስ አላቸው፤ ብቻውን ለመጣ ልጅ ሁሉ ከካውንስሉ ነፃ የሆነ ሞግዚት ይመድባሉ። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ሞግዚት የሚሰጠው በሕገወጥ ሰው አዘዋዋሪዎች የተበዘበዙ ናቸው ተብለው ለሚጠረጠሩ ልጆች ነው። ሌላው ልጅ ዕድሉን ይሞክራል። ጥሩ ሶሻል ወርከር ከገጠመው ገጠመው።

አዋቂ ነው ከተባለ

ያው ልጅ ዶቨር ላይ «አዋቂ ነህ» ከተባለ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ሶሻል ወርከር የለም። ፎስተር ቤተሰብ የለም። ከማያውቃቸው ትልልቅ ሰዎች ጋር ሆቴል ወይም የጋራ ቤት ውስጥ ይመደባል፤ ክፍልም ይጋራል። ራሱ አብስሎ የሚበላበት ቤት ከሆነ አነስተኛ የሳምንት ገንዘብ ይሰጠዋል፤ በ2024 ይህ 49.18 ፓውንድ ነበር። ሊታሰርም ይችላል። ጀልባውን የነዳው እሱ ነው ከተባለ እንደ አዋቂ ተከስሶ የአዋቂ እስር ቤት ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የሚጻፈው የልደት ቀን ተራ መረጃ አይደለም። የልጁ ዕጣ ነው።

ዕድሜውን ማን ይወስናል?

የመጀመሪያውን ውሳኔ የሚሰጡት ወደቡ ላይ ያሉ የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ናቸው። ልጁ «17 ዓመቴ ነው» ሲል ፊቱንና ሁኔታውን ያያሉ። መመሪያው እንዲህ ይላል፦ መልኩና አኳኋኑ ከ18 በእጅጉ እንደሚበልጥ በጣም በጠነከረ ሁኔታ የሚያሳይ ከሆነ አዋቂ በሉት። ጥርጣሬ ካለ ግን እንደ ልጅ ተቀብላችሁ ለካውንስል አስተላልፉት። ይህ መመሪያ በአንድ ኤርትራዊ ወጣት ጉዳይ ክርክር ተነስቶበት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2021 መመሪያውን ሕጋዊ ነው ብሎ አጸናው።

«በእጅጉ» የሚለው ሚዛኑን ለልጁ ያደላል ተብሎ የተጻፈ ነው። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። ሰሃራን ያቋረጠ፣ ሊቢያ ውስጥ በረሃብና በዱላ የከረመ፣ ሌሊቱን በጎማ ጀልባ ያሳለፈ ልጅ ግን ፊቱ ላይ የሚነበበው ዕድሜው አይደለም፤ ያየው መከራ ነው። ሄለን ባምበር ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ከካውንስሎች ባሰባሰበው መረጃ ከጃንዋሪ 2022 እስከ ጁን 2023 ባሉት 18 ወራት ቢያንስ 1,300 ልጆች በስህተት አዋቂ ተብለው ነበር። እነዚህ ኋላ ካውንስል ዘንድ ደርሰው ልጅ መሆናቸው የታወቀላቸው ናቸው። ካውንስል ዘንድ ያልደረሱት እዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም።

የመንግሥት ወገንም የሚለው አለው። አዋቂ ሆኖ «ልጅ ነኝ» የሚል ሰው በእርግጥ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ከ14 ዓመት ልጅ ጋር አንድ ቤት ቢገባ ወይም አንድ ክፍል ውስጥ ቢማር ለልጁ አደጋ ነው። ሆም ኦፊስ ከተፈቱት የዕድሜ ክርክሮች ግማሽ ያህሉ አዋቂ ሆነው የተገኙበት ዓመት እንዳለ ይናገራል። ይህን ቁጥር ግን ልክ ከላይ ካለው ጋር አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ሆም ኦፊስ «አዋቂ» ብሎ የመዘገበው ሰው ኋላ በካውንስል ልጅ ቢባል ሁልጊዜ መዝገቡ አይታረምም።

ክርክር ከተነሳ ጉዳዩ ወደ ካውንስል ሶሻል ወርከሮች ይሄዳል። አሠራሩ በ2003 በተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ የቆመ ነው። ጉዳዩ የመርተን ካውንስል ስለነበር ሁሉም «መርተን» ይሉታል። ልጁን ሁለት የሠለጠኑ ሶሻል ወርከሮች ያነጋግሩታል። አስተርጓሚ ይኖራል። ከልጁ ጎን የሚቀመጥ፣ ከጉዳዩ ነፃ የሆነ አዋቂ ይኖራል። የሚጠይቁት ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጉዞው ነው። መልክ ብቻውን በቂ አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አላመንንህም ከማለታቸው በፊት የተጠራጠሩበትን ነጥብ ነግረውት መልስ እንዲሰጥ ዕድል መስጠት አለባቸው።

በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ሌላ ነገር ጨመረ። ዕድሜ የአስተያየት ጉዳይ ሳይሆን እውነታ ነው፤ ስለዚህ ካውንስሉና ልጁ ካልተስማሙ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ዳኛ ነው አለ። ይህ ለልጆች ትልቅ በር ከፈተ።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ወደ መሣሪያ እያየ ነው። በ2022 በወጣው ሕግ ብሔራዊ የዕድሜ መርማሪ ቦርድ ተቋቋመ፤ በ2023 ሥራ ጀመረ። በ2024 የወጣ ደንብ የጥርስና የእጅ አንጓ ራጅ፣ የጉልበትና የአንገት ሥር አጥንት ኤምአርአይ ይፈቅዳል። በጁላይ 2025 ደግሞ መንግሥት ፊትን አይቶ ዕድሜ የሚገምት ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሊሞክር መሆኑን አስታወቀ። ሐኪሞች ስለ ራጁ የሚሉት ቀድሞም የታወቀ ነው፦ አጥንት የሁለት ሦስት ዓመት ስህተት ይኖረዋል። ክርክሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ 17 ወይስ 19 በሚለው ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ኤአዩም ቢሆን የሚያየው ያንኑ መከራ ያረፈበትን ፊት ነው።

ስምንት ዓመት የት ገባ?

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። በጥር 2000 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የተወለደ ልጅ እናስብ። በፈረንጅ ጃንዋሪ 2008 ነው። በ2025 መጨረሻ 17 ዓመቱ ነው። ሠራተኛው «መቼ ተወለድክ?» ሲለው ልጁ የሚያውቀውን ይናገራል፦ 2000። ሠራተኛው 2000 ብሎ ይጽፋል። ልጁ 25 ዓመት ሆነ ማለት ነው። ማንም አልዋሸም።

አስተርጓሚው ከነቃ ያርመዋል። በሌሊት፣ በስልክ መስመር፣ አንድ ጀልባ ሙሉ ሰው እየጠበቀ ግን ሁሉም አይነቃም። አንዳንዱ ልጅ መንገድ ላይ «እነሱ ዘንድ ስምንት ይደመራል» ሲባል ሰምቶ ራሱ ይደምራል፤ አስተርጓሚውም ይደምርበታል። ያኔ ልጁ 9 ዓመት ይሆንና ሠራተኛው ይስቃል። በሌላ ቀን ሲጠየቅ ትክክለኛውን ይናገራል። አሁን መዝገቡ ላይ ሁለት የልደት ቀን አለ። ይህ ደግሞ «ታሪኩ አይገጥምም» ተብሎ ይጻፍበታል።

የልዩነቱ መጠንም አንድ አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት። ጳጉሜ ውስጥ የተወለደ ልጅ ደግሞ ወሩን ራሱ ማስረዳት አለበት። ሰዓቱም አለ፦ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነሳን» ያለውን በቀጥታ ከጻፉት ጀልባዋ ጠዋት ወይም ማታ ስምንት ላይ ተነሳች ይሆናል። የኤርትራ ልጆች በመንግሥት ሥራ የፈረንጁን አቆጣጠር ስለሚያውቁ ይህ ችግር ያንሳቸዋል። ግን ቤተ ክርስቲያን የተጻፈ የክርስትና ወረቀትና የአያት ወሬ በግዕዙ አቆጣጠር ነው።

«የልደት ሰርተፊኬትህን አምጣ» የሚለው ጥያቄም አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ልደትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ 17 ዓመት የሆነው ልጅ ከዚያ በፊት ተወልዷል። ያለው የክርስትና ወረቀት፣ የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ ነው። እናቱም «የወይራው ዛፍ በወደቀበት ክረምት» ትለዋለች እንጂ ቀን አትነግረውም። ቀን ለማያውቅ ልጅ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ይጻፍለታል። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ልጆች ሁሉ አዲስ ዓመት ላይ ልደት የሚያከብሩት ለዚህ ነው።

የደላላ ምክርም ጉዳት አለው። ጣሊያን ወይም ግሪክ ላይ «ልጅ ነኝ ካልክ ማሳደጊያ ውስጥ ይዘጉብሃል፤ 19 በል» ተብሎ አዋቂ ነኝ ያለ ልጅ ብዙ ነው። ጉዞውን ለመቀጠል ብሎ ነው ያደረገው። ያ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ከተገኘ ዶቨር ላይ ይመዘዝበታል።

ኬንት፣ ሆቴሎቹና የተሸፈነው ግድግዳ

ዶቨር ያለው በኬንት ግዛት ውስጥ ነው። ስለዚህ በጀልባ የሚመጣ ልጅ ሁሉ በሕግ መጀመሪያ የኬንት ካውንስል ልጅ ይሆናል። በ2016 ልጆቹን በመላ አገሪቱ የሚያከፋፍል አሠራር ተጀመረ። በፈቃደኝነት ነበርና ብዙ ካውንስል ፈቃደኛ አልሆነም። ኬንት በኦገስት 2020፣ እንደገና በጁን 2021 «ከአቅሜ በላይ ነው» ብሎ አዲስ ልጅ አልቀበልም አለ።

ሆም ኦፊስ ያኔ ልጆቹን ሆቴል ማስገባት ጀመረ። ካውንስል የለም፣ አሳዳጊ የለም። ጥበቃና ነርስ አለ፤ ስለ ልጆቹ በሕግ የሚጠየቅ ሰው ግን የለም። ክፍፍሉ ኋላ ግዴታ ሆነ፤ የእያንዳንዱ ካውንስል ድርሻም በአካባቢው ካሉት ልጆች 0.1 በመቶ ድረስ ከፍ አለ። ሆቴሎቹ ግን አልተዘጉም።

ልጆች ከሆቴሎቹ መጥፋት ጀመሩ። በጃንዋሪ 2023 የኢሚግሬሽን ሚኒስትሩ ለፓርላማ የተናገሩት ይህን ነበር፦ ከጁላይ 2021 ወዲህ 4,600 ልጆች ሆቴል ገብተዋል፤ 440 ጊዜ የመጥፋት ሪፖርት ተመዝግቧል፤ 200 ልጆች እስከዚያን ቀን አልተገኙም። ከ200ው 13ቱ ከ16 ዓመት በታች ነበሩ። አብዛኞቹ አልባኒያውያን ነበሩ። የአንድ ተራ እንግሊዛዊ ትምህርት ቤት 200 ልጆች ቢጠፉ አገሩ ምን ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ።

በጁላይ 2023 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደ። ክሱን ያቀረበው በሕፃናት ዝውውር ላይ የሚሠራው ኤክፓት ዩኬ ነው። ዳኛው ልጆችን በመደበኛነት ሆቴል ማስቀመጥ ሕገወጥ ነው አሉ። ኬንትም ልጆችን አልቀበልም ማለቱ ሕገወጥ ነው አሉ። ሆቴል ለአጭር ጊዜ፣ በእውነተኛ ድንገተኛ ሁኔታ ብቻ ሊሆን ይችላል እንጂ የካውንስልን ቦታ ሊተካ አይችልም። የመጨረሻው ሆቴል በጃንዋሪ 2024 ተዘጋ።

በዚያው ጁላይ ሌላ ትንሽ ነገር ሆነች። ዶቨር ላይ ልጆች በሚስተናገዱበት ማዕከል ግድግዳ ላይ የሚኪ ማውስና የመሳሰሉት ሥዕሎች ነበሩ። ሚኒስትሩ ሮበርት ጄንሪክ ሥዕሎቹ በጣም እንግዳ ተቀባይ ይመስላሉ ብለው በቀለም እንዲሸፈኑ አዘዙ። ተሸፈኑ። የሕፃናት ሕጉና የኢሚግሬሽን ሕጉ እንዴት እንደሚጓተቱ ከዚህ ቀለም በላይ የሚያሳይ አላየሁም።

ጥገኝነቱና ወላጆቹ

የጥገኝነት ጉዳዩ ራሱ ለልጅ ትንሽ ለስለስ ይላል። ከሶሊሲተሩ ጋር ሆኖ ታሪኩን በጽሑፍ ያቀርባል። ኢንተርቪው ሲደረግለት ከሆም ኦፊስ ነፃ የሆነ ኃላፊነት ያለው አዋቂ አብሮት መቀመጥ አለበት። የኤርትራና የሱዳን ልጆች አብዛኞቹ ይፈቀድላቸዋል።

ጥገኝነቱ ሪጀክት ቢሆን እንኳ አገሩ ላይ በደህና የሚቀበለው ሰው እስካልተረጋገጠ ድረስ ልጅን አይመልሱትም። ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ 30 ወር ወይም 17 ዓመት ተኩል እስኪሞላው፣ ከሁለቱ ባጠረው። ለ17 ዓመት ልጅ ይህ ማለት የወራት ጉዳይ ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው። «ልጁ ይግባና ኋላ እኛን ይስበናል» ይባላል። እንግሊዝ ውስጥ ስደተኛነቱ የታወቀለት ልጅ ወላጆቹን የማምጣት መብት በደንቡ አልተሰጠውም። ከደንብ ውጪ፣ በልዩ ሁኔታ የተፈቀደለት አለ፤ እሱም በብዙ ክርክር ነው። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ መንግሥት ለአዋቂ ስደተኞችም የነበረውን የቤተሰብ ማገናኛ መንገድ ለአዲስ አመልካቾች ለጊዜው አገደ። ልጁን በዚህ ተስፋ የሚልክ ካለ ይህን ይወቅ።

18 ሲሞላ

ካውንስል ያሳደገው ልጅ 18 ሲሞላው ሜዳ ላይ አይጣልም። አማካሪ ይመደብለታል፤ ከፈለገ እስከ 25 ዓመቱ ድረስ። የቤትና የትምህርት እገዛም ያገኛል። ለዚህ ግን ቢያንስ 13 ሳምንት በካውንስል እጅ የቆየ መሆን አለበት። 17 ዓመት ከ10 ወሩ ላይ የደረሰ ልጅ 13 ሳምንት አይሞላለትም፤ የሚያገኘው እገዛ በጣም ያነሰ ነው። ዶቨር ላይ በስህተት አዋቂ ተብሎ አምስት ወር ሆቴል ከርሞ ኋላ 17 ነው የተባለውም እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የዕድሜ ክርክር ሲጓተት የሚያልፈው ጊዜ ባዶ ጊዜ አይደለም።

ዘመድ ምን ማድረግ ይችላል?

ልጁ ዘመድ ካለው ካውንስሉ ያን ዘመድ ማየት አለበት። ቤታችሁን፣ ሥራችሁን፣ ፖሊስ ዘንድ ያለ መዝገብ ካለ ያጣራል፤ ከተስማማው ልጁን እናንተ ጋር ሊያኖር ይችላል። ወስዶ ዝም ብሎ ማኖር ግን አደገኛ ነው። ሕጉ የቅርብ ዘመድ የሚለው አያት፣ ወንድምና እህት፣ አጎትና አክስት፣ የእንጀራ ወላጅም ነው። የአጎት ልጅ ለእኛ ወንድም ነው፤ ለእነሱ ባዕድ ነው። ከ16 በታች የሆነ ልጅ እንዲህ ያለ ዘመድ ቤት 28 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ለካውንስል ማሳወቅ ግዴታ ነው።

የልደት ቀን ሲሰጥ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ «የኢትዮጵያ» ወይም «የፈረንጅ» ተብሎ ተለይቶ። ከአገር ቤት የክርስትና ወረቀትና የትምህርት ቤት ካርድ ቶሎ ይላክ፤ ኦሪጅናሉ ለሶሊሲተሩ፣ ፎቶው እናንተ ጋር ይቅር። ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ለሚናገር ልጅ «አማርኛም ይሰማል» ተብሎ የአማርኛ አስተርጓሚ ከተመደበ ልጁ መቃወም ይችላል። የተጻፈውን አንብቡልኝ ማለትም መብቱ ነው።

ልጁ አዋቂ ተብሎ ሆቴል ከገባ ወዲያውኑ ለዚያ አካባቢ ካውንስል የሕፃናት ክፍል በጽሑፍ አሳውቁ። ሪፊውጂ ካውንስል የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅትም የዕድሜ ክርክር ያለባቸውን ልጆች ይረዳል። የካውንስሉ ምርመራ በስህተት ካበቃ በፍርድ ቤት መከራከር ይቻላል፤ ጊዜው ቢበዛ ሦስት ወር ነው፣ ከውሳኔው ቀን የሚቆጠር። ዳኛው ጉዳዩ እስኪያልቅ ካውንስሉ ልጁን እንደ ልጅ እንዲይዘው ማዘዝ ይችላል። ስለዚህ ሶሊሲተሩ የኢሚግሬሽን ብቻ ከሆነ የካውንስልና የዕድሜ ጉዳይ የሚይዝ ሌላ እንዲፈልግላችሁ ጠይቁት፤ ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ሁልጊዜ አይሠራውም።